በገዛ ፈቃዷ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪዬ የጥናት ዕቅዷን ይዛ ፓርክላንድስ ያለው ቤቴ መጣች። ኤደን ትባላለች። ወላጆቿ የእኛው አገር ሰዎች ናቸው፤ እሷ ግን የተወለደችውም ያደገችውም እዚሁ ናይሮቢ ስለሆነ አማርኛዋ ብዙ እንግዳ ይቀበላል። የምታጠናው የወንጀል ክሶች ፍርድ ሳያገኙ ለምን ከመንገድ እንደሚቀሩ ነው። ገጾቹን እያገላበጥኩ መረጃውን ከየት እንደምታገኝ ብጠይቃት ፊቷ በራ።

«ዶንት ዎሪ ቲቸር፣ ኮርት ሄጄ ፋይሎቹን አይቻቸዋለሁ። ዳታው ክሊን ነው። ሁሉም ላይ ‹በገዛ ፈቃዷ ክሷን አንስታለች› ይላል፣ ፊርማ አለው፣ ባሲ!»

ባሲ በስዋሂሊ «አለቀ፣ በቃ» እንደማለት ነው። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩና ሻይ ላፍላ ብዬ ተነሣሁ። እውነቱን ለመናገር ሻይ አላማረኝም ነበር፤ «በገዛ ፈቃዷ» የምትለው ቃል አንድ የድሮ ሐምሌ አምጥታ ፊቴ ላይ ስለደቀነችብኝ ነው።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከአባቴ ጋር ካሳራኒ ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት እንኖር ነበር፤ እናቴ ናይሮቢ በገባን በሦስተኛው ዓመት አርፋለች። ቲካ መንገድ ገና ሰፊው አስፋልት አልተሠራለትምና ከተማ ለመድረስ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ጉልበት ከጉልበት ተጋጥሞ አንዳንዴ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ያም ሆኖ ያን መንገድ አማርሬው አላውቅም። ሬዲዮው ይጮኻል፣ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ከመንገደኛው ጋር ይሳሳቃል፣ በሎሚና በበርበሬ የታሸ የተጠበሰ በቆሎ በመስኮት ይገባል። የሰው ወሬ በጆሮዬ መልቀም ከልጅነቴ ጀምሮ ያለብኝ አመል ነው። እናቴ «የዚች ልጅ ጆሮ ከእሷ ቀድሞ ነው ከቤት የሚወጣው» ትል ነበር።

የናይሮቢን ሐምሌ የማያውቅ ሰው አፍሪካ ሁሉ ፀሐይ ይመስለዋል። ደመናው ከጠዋት እስከ ማታ ከጣሪያ በላይ ተንጠልጥሎ ይውላል፤ እንደ አገራችን ሐምሌ ዘንቦ አይገላግልም፣ ገለል ብሎም ፀሐይ አያሳይም። ሰው ሁሉ ሹራብ ላይ ሹራብ ደርቦ፣ እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ይሄዳል።

አባቴ ጋሽ ታምራት አዲስ አበባ መምህር ነበር። እዚህ ከመጣን ወዲህ የአንዲት ትንሽ የወንጌላውያን ቤተክርስቲያን ሽማግሌ ሆኗል። ረጅም ነው፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ሲናገር ዓይን ዓይንህን ያያል። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ሸሪክና ሸሪክ ሲካካዱ የሚጠራው እሱ ነው። ምግብ ቤት ያላቸው ኦርቶዶክሶች እንኳ የሃይማኖቱን ነገር ወደ ጎን ትተው «ጋሽ ታምራት ይምጡልን» ይሉ ነበር። እንግሊዝኛው የጠራ በመሆኑ አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ፍርድ ቤት ሲቀርብ በነፃ ያስተረጉማል። እኔ በዚህ ሰው የምኮራው ኩራት ልክ አልነበረውም።

ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ዶክተር ሙቶኒ የሚባሉ ኬንያዊት መምህሬ ረዳት አድርገው ቀጠሩኝ። ሥራው በስደተኞች መካከል የሚነሡ የድብደባ ክሶች ለምን እንደሚቋረጡ የሚያጠና የጥናት ዕቅድ ማዘጋጀት ነው። መደርደሪያ ላይ አቧራ የሚጠጣ ጥናት አይደለም፤ ፍርድ ቤቱ አንብቦ አንድ ነገር እንዲያስተካክልበት የታሰበ ነው። ዶክተሯ ቢሮ ውስጥ ዝንጅብል የበዛበት፣ ቻይ የሚሉት የወተት ሻይ ሁልጊዜ አይጠፋም። በመጀመሪያው ቀን ማንዳዚ የሚሉትን በዘይት የተጠበሰ ዳቦ ለሁለት ቆርሰው ግማሹን ሰጡኝና፣ «ዕቅድ ማለት ሁለት ጥያቄ ነው» አሉኝ። «ምን ማወቅ እንፈልጋለን? እሱንስ ማን ያውቀዋል? ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን ይጽፍና ሁለተኛውን ይዘለዋል።»

ቀጥለውም የራሳቸውን ግምት ነገሩኝ፤ ተበዳዮቹ ፈርተው ሳይሆን አይቀርም የሚተዉት።

«አይደለም ዶክተር!» አልኩ፣ ማንዳዚዬን ሳልውጥ። «የእኛ ሰዎች ፈርተው አይደለም፤ ታርቀው ነው።» ከዚያ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ ሽምግልና ሰበክኳቸው። ፍርድ ቤት አንዱን አሸናፊ አንዱን ተሸናፊ አድርጎ እንደሚያሰናብት፣ ሽማግሌ ግን ሁለቱንም አንድ ማዕድ ላይ እንደሚያስቀምጥ አስረዳሁ። ስለዚህ ክስ መቋረጡን ጥናታችን እንደ ጉዳት ሳይሆን እንደ ስኬት ይቁጠረው አልኩ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ዶክተሯ ግን አልሳቁብኝም፤ ከልባቸው ጓጉተው ሰሙኝ፣ ማስታወሻም ያዙ።

«ጥሩ ሐሳብ ነው» አሉ በመጨረሻ። «አሁን ደግሞ አሳዪኝ። የፍርድ ቤት ፋይል የምናነብበት ቅጽ አዘጋጂ፤ ለቃለ መጠይቅም ጥያቄዎች ጻፊና መጀመሪያ አንድ ሰው ላይ ሞክሪያቸው።»

ለሙከራው የመረጥኳት እትዬ ብዙነሽን ነው። እትዬ ብዙነሽ የእኛ ቤተክርስቲያን ሰው ናት፤ ፓርክላንድስ ውስጥ ወይዘሮ ንግሥት በምትባል የአገራችን ሰው ሳሎን ሹሩባ ትሠራለች። ከጥቂት ወራት በፊት የንግሥት ወንድም ካሳሁን እሑድ ጠዋት መጥተሽ ሙሽራ ሥሪ ይላታል። እሷ እሑድ ቸርች ነኝ ትላለች። በዚህ ተጨቃጨቁና የሳሎኑ የብረት በር እጇ ላይ ተዘጋ፤ ሁለት ጣቶቿ ተሰበሩ። አንዲት ኬንያዊት ደንበኛ አፋፍሳ ሐኪም ቤት፣ ከዚያም ፖሊስ ጣቢያ ባትወስዳት ኖሮ ነገሩ ክስ አይሆንም ነበር። ክሱ ከተከፈተ በኋላ አባቴ ከሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ገብቶ አስታረቃቸው። የቀረው ከሁለት ሳምንት በኋላ ማክሰኞ ዳኛ ፊት ቀርባ ክሱን ትቻለሁ ማለቷ ብቻ ነበር።

አንድ ኬንያዊ ተመራማሪ ቢሆን ስልክ ደውሎ ይቀጥራታል። እኔ ግን በደንብ ያደግኩ ልጅ ነኝ፤ በዕድሜ የምትበልጠኝን ሴት፣ ያውም በሽማግሌ የተያዘ ጉዳይ ያላትን፣ ዘው ብዬ ገብቼ ልጠይቃት አልችልም። በሽማግሌው በኩል መሄድ አለብኝ። አባቴን አስፈቀድኩት፤ እሱም በደስታ ቅዳሜ ቤታችን ጠራት።

ሻይ ቀረበ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ተጸለየ። አባቴ መካከላችን ተቀመጠ። እኔ ከቅጹ ላይ ጥያቄ አነባለሁ፣ እትዬ ብዙነሽ ቀና ብላ አባቴን ታያለች፣ ከዚያ ትመልሳለች። አንዳንዱን እሱ ራሱ ቀድሟት ይመልሰዋል። እርቁ እንዴት እንደተደረገ የነገረኝም እሱ ነው። ካሳሁን እንደ ደንቡ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ወድቆ ይቅርታ ጠየቀ። ፓርክላንድስ ውስጥ ለማጅራት የሚሆን ድንጋይ ከየት ይምጣ? ጎረቤት ከሚሠራ ፎቅ ደጃፍ ካብሮ የሚሉትን የመንገድ ንጣፍ ጡብ ለምነው አመጡ። የሕንፃው ዘበኛ ጡቡ እንዳይጠፋበት ተከትሎ መጣና ሰውየው ጡቡን ማጅራቱ ላይ አድርጎ ሲወድቅ ቢያይ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ አሉ። ሦስታችንም ሳቅን።

«ታዲያ እትዬ፣ በስምምነቱ ደስተኛ ነሽ?» ብዬ የመጨረሻውን ጥያቄ አነበብኩ።

«ጨርሻለሁ። ጌታ ይመስገን» አለች።

ቅጹ ሞላ። አንድም ክፍት ቦታ አልቀረም። ዶክተር ሙቶኒን ምን እንደምላቸው እያሰብኩ ሌሊቱን በደስታ ተኛሁ።

በቀጣዩ ሳምንት ፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ገብቼ የቆዩ ፋይሎች ማገላበጥ ጀመርኩ። ጸሐፊው ሁለት ሹራብ የደረበ፣ ፋይል በወረወረ ቁጥር አቧራው የሚያስነጥሰው ሰው ነበር። የአገሬ ሰዎች ጉዳይ ያለበትን ፋይል ስከፍት መጨረሻው ገጽ ላይ ያው ዓረፍተ ነገር ይጠብቀኛል፤ ተበዳይ በገዛ ፈቃዷ ክሷን አንስታለች። ወይም በገዛ ፈቃዱ። ከሥሩ የአስተርጓሚው ስም፤ ታምራት። መጀመሪያ ላይ የአባቴን ስም ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። ወደ እኩለ ቀን ግን አንድ ነገር ይቆረቁረኝ ጀመር። ሰው ሲጣላ በሺህ ዓይነት ይጣላል፤ አንዱ በሰካራም አፍ፣ አንዱ በቅናት፣ አንዱ በልጅ። ታዲያ ሲታረቅ ሁሉም በአንድ ዓይነት ቃል ነው የሚታረቀው? መልሱን አላውቀውም ነበር፤ የማላውቀው ነገር ደግሞ እንቅልፍ አያስተኛኝም።

ዓርብ ዕለት ሳሎኑ ሄድኩ። ለጥያቄ አልነበረም፤ ጸጉሬ ተፈቶ ስለነበር ነው። እንዲህ ስል ራሴን ማታለሌም ሊሆን ይችላል። ንግሥት ዕቃ ልትገዛ ወጥታለች፣ ካሳሁንም አልነበረም። እትዬ ብዙነሽ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ አስቀምጣኝ ከኋላዬ ቆመች። ድሮ እጇ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ነበር፤ አሁን አንዱን ጉንጉን ጀምራ እስክትጨርስ ሦስቴ ታርፋለች።

«ያምሻል እንዴ እትዬ?»

«ብርዱ ነው። ሐምሌ የተሰበረ ጣት አይረሳም።»

ሹሩባ የምትሠራ ሴት የሚሠራላትን ሰው ፊት አታይም፤ የሚሠራላትም እሷን አታይም። እኔ አንገቴን ደፍቼ የማየው የሳሎኑን ወለልና የወዳደቀ ጸጉር ብቻ ነው። ምናልባት በዚህ ይሆናል፣ ሳላስበው ከአፌ የወጣው።

«ያን ቀን ቤት ያልሽኝ ሁሉ እውነት ነው አይደል?»

እጇ ቆመ። «ያልኩት ሁሉ እውነት ነው» አለች ቆይታ። «ያላልኩት ግን አለ።»

አልዞርኩም። ብዞር ኖሮ የምትቀጥል አይመስለኝም።

«በሩን ሲዘጋው እጄን እያየ ነበር፣ ሰናይት። ዓይኑ ጣቴ ላይ ነበር። እጄ እዚያ መኖሩን አይቶ፣ ትንሽ ቆሞ፣ ከዚያ ነው የገፋው። ሽማግሌዎቹ ‹በንዴት ላይ በሩ ያዛት› አሉ። በር ሰው ይይዛል እንዴ?»

«ለምን አልነገርሻቸውም?»

«እንዴት ብዬ? ጋሽ ታምራት እናት አባት በሌለበት አገር አባት የሆኑኝ ሰው ናቸው። ስታመም የጠየቁኝ፣ የስደተኛ ወረቀቴ፣ ማንዴቴ ሲጠፋ ቢሮ ለቢሮ የተንከራተቱልኝ እሳቸው ናቸው። ዓይኔን እያዩ ‹ጨርሰሻል አይደል ልጄ?› ሲሉኝ ‹አልጨረስኩም› ልበል?»

«ስለዚህ ይቅር አላልሽም?»

«ብያለሁ እንጂ!» ጉንጉኑን ሳብ አደረገችውና ራሴን አመመኝ። «በጌታ ፊት ብያለሁ። እንዲታሰርም አልፈልግም። ግን እያየ መዝጋቱን አንድ ሰው ይጻፍልኝ። ይኸው ነው የምፈልገው። ማክሰኞ ዳኛዋ ‹በፈቃድሽ ነው?› ብላ ትጠይቀኛለች፤ ጥያቄውን በአማርኛ የሚነግሩኝ ግን አባትሽ ናቸው። እንግዲህ መልሱን ለማን ነው የምመልሰው?»

«ለአባዬ ልንገረው?»

«እንዳትሞክሪው! አስታርቀውኝ እንዲያዝኑብኝ ነው? ለኔ ብለሽ ተይው።»

ከሳሎኑ ስወጣ ጸጉሬ አምሮ ነበር። ማታቱ ውስጥ ቅዳሜ የሞላሁትን ቅጽ አውጥቼ ደግሜ አነበብኩት። አንድም ውሸት የለበትም። እኔ ነኝ በገዛ እጄ ወስጄ የማትዋሽበትና እውነቱንም የማትናገርበት ወንበር ላይ ያስቀመጥኳት። በእርቁም፣ በፍርድ ቤቱም፣ በጥናቱም ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ያው አንድ ሰው ነው። ያፈርኩት ያኔ ነው፤ ለብቻዬ፣ ሰው መሐል ሆኜ።

ሰኞ እስኪደርስ አላስቻለኝም፤ ቅዳሜ ዶክተር ሙቶኒ ዘንድ ሄድኩ። የሴትዮዋን ስም ሳላነሣ ነገሩን ነገርኳቸው፤ አስተርጓሚው አባቴ መሆኑን ግን አልደበቅኩም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ሁለተኛው ጥያቄዬ ትዝ ይልሻል?» አሉ።

«እሱን ማን ያውቀዋል የሚለው።»

«ፋይሉ አያውቀውም። አባትሽም አያውቁትም።» ከዚያ ቅጹ ላይ አንድ ዓምድ በእርሳስ አሰመሩ፤ አስተርጓሚው ከአስታራቂዎቹ አንዱ ነበር ወይ? የሚል። «ይህን እናስገባ ወይስ አናስገባ፣ አንቺ ወስኚ። ስም አንጽፍም፤ የናንተ ሰው ግን ማን እንደሆነ ማወቁ አይቀርም።»

«ማክሰኞስ?»

«ማክሰኞ የእሷ ነው። የነገረችሽን አታወጪም። ቃሏን አምና የሰጠችሽ ላንቺ ነው።»

ዓምዱን ካስገባሁ አባቴን አሳልፌ የሰጠሁ መሰለኝ። ካላስገባሁ ደግሞ የማውቀውን እንዳላወቅኩ ሆኜ ጥናት ልሠራ ነው። ከሁሉ የከነከነኝ ግን ማክሰኞ ነው። እትዬ ብዙነሽ ያን ቃል ካልተናገረች ሌላ ቀን የላትም፤ ፋይሉ ይዘጋል፣ «በሩ ያዛት» እንደተባለ ይቀራል።

እሑድ ከቤተክርስቲያን ስንመለስ አባቴ እንደ ልማዱ መንገድ ዳር በቆሎ ገዛልኝ፤ ለራሱም አንድ። ቀዝቃዛ ነፋስ ነበር። ጎን ለጎን እየሄድን የሴትዮዋን ቃል ሳላወጣ ምን ማለት እንደምችል አንድ ሺህ ጊዜ አስቤ፣ በመጨረሻ የመጣልኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ሆነ።

«አባዬ፣ በሽምግልና ተቀምጠህ፣ ፊትህን እያየ እምቢ ያለህ ሰው አለ?»

«እምቢ?» አለ። ፈገግ አለ። «እግዚአብሔር ይመስገን የለም። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ሰው አሳፍሮኝ አያውቅም።»

ይህን ያለው በደስታ ነው። ጥቂት እርምጃ እንደሄድን ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ። ዓይኑ መንገዱ ላይ ነበር።

«ለምን ጠየቅሽኝ?»

«ለጥናቱ ነው።»

«ሰው እሺ ሲል ይዋሻል ነው የምትይው?» አሁን ድምፁ ከፍ ብሏል፤ አባቴ መንገድ ላይ ድምፁን ሲያነሣ ሰምቼው አላውቅም።

«አላልኩም አባዬ። እምቢ ማለት የማይቻልበት ቦታ እሺታው ምን እንደሆነ በምን እናውቃለን ነው የምለው።»

በቆሎውን አልጨረሰውም። ደረጃውን ቀድሞኝ ወጣ። እስከ ማክሰኞ ከ«ደህና አደርሽ» በስተቀር አልተናገረኝም፤ የማዕድ ጸሎቱ እንኳ አጠረ። ሁለት ጊዜ ልንገረው ብዬ አፌን ከፍቼ ሁለት ጊዜ ዘጋሁት።

ማክሰኞ እኔ ፍርድ ቤት የሄድኩት ለፋይል ሥራዬ ነው፤ ነገር ግን ሰዓቱ ሲደርስ ገብቼ የኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ክፍሉ የረጠበ ሹራብ ይሸታል። እትዬ ብዙነሽ ከፊት ተቀምጣለች፣ ጥቁር ሻርፕ ተከናንባ፣ ቀኝ እጇን በግራ እጇ ይዛ። ካሳሁን ከባድ ቁር ውስጥ እንደገባ ሰው ትከሻውን ሰብስቧል። ሽማግሌዎቹ ሦስቱም አሉ። የመዝገቡ ቁጥር ሲጠራ አባቴ እንደ ልማዱ ተነሥቶ ወደ ፊት ሄደ። ዳኛዋ ያውቁታል፤ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም አሉት።

አባቴ በዚያ ዝቅ ባለ ድምፁ በእንግሊዝኛ እንዲህ አለ፤ «ክብርት ዳኛ፣ ዛሬ ማስተርጎም አልችልም። ካስታረቁት አንዱ እኔ ነኝ። እኔ ባለሁበት ልቧን መናገር ትቸገር ይሆናል። ሌላ ሰው ይፈለግላት። እኔም ልውጣ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ የኮቱን ጫፍ ያዘው። አባቴ እጁን በቀስታ አስለቀቀና ወጣ። በአጠገቤ ሲያልፍ አላየኝም።

ሌላ አስተርጓሚ እስኪገኝ ከአንድ ሰዓት በላይ ተጠበቀ። በመጨረሻ ከሌላ ችሎት አንዲት የሞያሌ ሴት አመጡ፤ ኬንያዊት ናት፣ አማርኛውን የለመደችው ከድንበሩ ማዶ ገበያ ነው። ዳኛዋ ጠየቁ፤ ሴትዮዋ ወደ አማርኛ መለሰችው። ክሱን የምትተይው በገዛ ፈቃድሽ ነው?

እትዬ ብዙነሽ ወደ በሩ አየች፣ ወደ ሽማግሌዎቹ አየች።

«ፈቃዴማ ነው» አለች። «ግን መጀመሪያ ልናገር።»

ዳኛዋ ብዕራቸውን አነሡ። እትዬ ብዙነሽ ጀመረች፤ እሑዱን፣ ሙሽራዋን፣ ጭቅጭቁን፣ በሩን፣ ለወራት የያዘችውን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ። ዳኛዋ እጃቸውን አነሡ።

«ፖሌ ፖሌ፣ ማማ።»

«ቀስ በይ ነው የሚሉሽ» አለች አስተርጓሚዋ። «እየጻፉ ነው።»

«እየጻፉ ነው?» አለች እትዬ ብዙነሽ፤ ፊቷ ሲፈታ አየሁት። ከዚያ በኋላ አንዱን ነገር ትናገርና የዳኛዋ ብዕር መስመሩን እስኪጨርስ ትጠብቃለች። «ሲዘጋው እጄን እያየ ነበር» ያለች ጊዜ ደግሞ ብዕሩ ቆሞም ትንሽ ጠበቀች። ካሳሁን አንገቱን ደፋ። ቀና ሳይል በአማርኛ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «አዎ» አለ። እሱም ተተረጎመ፤ ዳኛዋ እሱንም ጻፉት።

«አሁን ጨርሻለሁ» አለች። «ይሂድ።»

አለቀስኩ፤ ለምን ይደበቃል።

በሌላ ቀን ፋይሉን መዝገብ ቤት አወጣሁት። የመጨረሻው ገጽ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ነው፤ ተበዳይ በገዛ ፈቃዷ ክሷን አንስታለች። በቅጻችን መሠረት ብቆጥረው ከሌሎቹ የሚለየው አንዳች ነገር የለም። ዓምዱን ያስገባሁት ያን ዕለት ነው፣ በእርሳስ የተሰመረውን በቀለም ደግሜ።

ያን ማክሰኞ ከፍርድ ቤት ስንመለስ አባቴና እኔ አንድ ማታቱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«ምን አለች?» አለ።

«እጇን እያየ ነው የዘጋው አለች። እሱም አዎ አለ። ከዚያ ማረችው።»

ወደ መስኮቱ ዞረ። «እኔ ‹በሩ ያዛት› ብዬ ነው ያስታረቅኳት» አለ። ረዳቱ ሒሳብ ሲጠይቀው አልሰማም፤ እኔ ከፈልኩ። ካሳራኒ ልንደርስ ስንል ወደ እኔ ዞረ፣ ዓይኑ ቀልቷል። «እስከ ዛሬ ስንቱ ነው እንዲህ የሆዱን በሆዱ ይዞ ከፊቴ የተነሣው?»

«አላውቅም አባዬ።»

«ጥናታችሁ አያወጣውም?»

«የድሮውን አያወጣውም። የትም አልተጻፈማ።»

ራሱን ነቀነቀ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሳይጠራ ዶክተር ሙቶኒ ቢሮ መጣ፤ የእሑድ ኮቱን ለብሶ። የጥናቱ የመጀመሪያ ተጠያቂ እኔ ልሁን አለ። ዶክተሯ እኔን ከክፍሉ አስወጡኝና ራሳቸው ጠየቁት፤ ልጁ ፊት እንዳይቸገር ብለው። የሰጠውን መልስ ያነበብኩት ኋላ፣ እሱ ፈቅዶልኝ ነው። አንዱ ጥያቄ መንገድ ላይ እኔ የጠየቅኩት ነበር፤ በሽምግልናዎ እምቢ ያለዎት ሰው አለ? የዶክተሯ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፤ «አንዲት ሴት። እሷም እኔ ከወጣሁ በኋላ።»

አባቴ ካረፈ ዓመታት አልፈዋል። እስኪያርፍ ድረስ ሽምግልናውን አልተወም፤ ያስታረቀውን ሰው ግን ዳግመኛ አላስተረጎመለትም። ጥናቱም ተሠርቶ አለቀ፣ እኔም ሥራዬን በዚያው ቀጠልኩ፣ ብዙ ዕቅድ ጻፍኩ፣ ብዙ አረምኩ። ዛሬ ፀጉሬ ሸብቷል። ተማሪዎች ደብተር ይዘው ይመጣሉ፣ በቤተክርስቲያን ሴቶች ያማክሩኛል፣ የወዳጆቼ ልጆች ከማግባታቸው በፊት ይጠይቁኛል። የምለውን ሁሉ አዳምጠው «እሺ» ይላሉ። ያን ቀን ኤደንን ከዕቅዷ ጋር ትቼ፣ ሻይው እስኪፈላ ምድጃው አጠገብ ቆሜ፣ በቅርብ ጊዜ ፊቴን እያየ እምቢ ያለኝ ሰው ማን እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩ። አንድም ሰው አልመጣልኝም። ሻይው ገንፍሎ እሳቱን እስኪያጠፋው እዚያው ቆሜ አስብ ነበር።